«እማማ፣ ለምን የቡቺን ምግብ እንሰጠዋለን?»

ጥያቄው የመጣው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጄ በሩን ተደግፎ ያየኛል። የተረፈውን እንጀራና ሽሮ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ሰብስቤ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ለውሻችን ለቡቺ አስቀመጥኩ፣ ግማሹን በፌስታል ቋጥሬ «ሂድ፣ ለዚያ ልጅ ስጠው» አልኩት።

ፌስታሉን ተቀበለኝ፣ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

«እማማ፣ ለምን የቡቺን ምግብ እንሰጠዋለን?»

«የቡቺ አይደለም ልጄ፣ ከእኛ የተረፈ ነው።»

«ቡቺም የሚበላው ከእኛ የተረፈ ነው።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆች አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ ብዙ ከባድ ጥያቄ ገጥሞኛል። የዚያን ቀን ግን መልስ አጣሁ። «ሂድ፣ ምግቡ ሳይበላሽ» ብዬ ሸኘሁት። እሱ ሄደ፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

እዚህ ሰቶ ሰመሮ፣ ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከተዘጋ ዓመት ያለፈው አንድ ሱቅ አለ። በረንዳው ላይ ሰው ያድራል። በዚያ ሰሞን የሚያድርበት ከሃያ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ያ ልጅ» ነበር የሚለው። ሦስት ሳምንት ያህል በፊቱ አልፌያለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም። ማታ ማታ ሳሉ ይሰማል። እኔም በልቤ «እግዚአብሔር ይማርህ» እያልኩ በሬን እዘጋለሁ።

የእናቴ በርጩማ

ያን ማታ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ እናቴን አስታወስኳት። እናቴ ሀብታም አልነበረችም። ነገር ግን በየወሩ በሚካኤል ዕለት ዝክር ታወጣ ነበር። በሩ አጠገብ አንድ በርጩማ ነበረን፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። «ስለ ሚካኤል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ በርጩማው ይወጣለታል። ከዚያ እጁን እናስታጥበዋለን። ከዚያ ከድስቱ አናት ይጨለፍለታል። እኛ ልጆቹ የምንበላው ከእሱ በኋላ ነው።

አንድ ቀን «እማዬ፣ ለምን እኛን ታስርቢናለሽ?» ብዬ አልቅሼባት ነበር። የመለሰችልኝ አጭር ነው፤ «እናንተ ማታም ትበላላችሁ።»

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ልማድ አልነበረም። ጅማ የእንግዳ ከተማ ናት። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የሲራራ ነጋዴ የሚጎርፍበት ቦታ ነበር። መንገደኛ ማሳደርና ማብላት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ታዲያ እኔ መቼ ነው ከበርጩማው ወደ ፌስታሉ የተሻገርኩት? ቀኑን አላስታውሰውም። ኑሮ ሲከብድ፣ ለማኙ ሲበዛ፣ ግቢው በቆርቆሮ ሲታጠር፣ ቀስ በቀስ የመጣ ነገር ነው።

ስሙን ጠየቅሁት

በማግስቱ ጠዋት ትኩስ ሻይና ዳቦ ይዤ በረንዳው ድረስ ሄድኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ልጄ፣ ስምህ ማን ነው?» አልኩት።

ቶሎ አልመለሰልኝም። እንደገና ስጠይቀው ነገረኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የራሱ ነውና።

ከጎጀብ ማዶ፣ ከዳውሮ ነው የመጣው። በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲቀላ ብዙ ወጣት ወደ አጋሮ፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙና ወደ ጌራ ለለቀማ ይመጣል። ክፍያው በለቀሙት ቡና ልክ ነው። ቡና ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ የታመመ ለቃሚ ደግሞ ቡናው ሳያልቅም ሥራው ያበቃል። ይህ ልጅ ጎማ ውስጥ ሲለቅም ቆይቶ ትኩሳትና ሳል ጣለው። ያጠራቀማትን ይዞ ለሕክምና ጅማ መጣ። በሄደበት አንድ ክሊኒክ ለካርድና ለመርፌ ከፍሎ ብሩ አለቀ። ሲመለስ ደግሞ አስታማሚ ይዘህ ና ተባለ። አስታማሚ ከየት ያምጣ?

«ለምን አገርህ አልተመለስክም?» አልኩት።

«ባዶ እጄን እንዴት ልግባ፣ እማማ?» አለኝ። ለእናቱ የቤት ቆርቆሮ ልግዛልሽ ብሎ ነበር የወጣው። ከታመመ ጀምሮ ደውሎላት አያውቅም።

ጎረቤቴን ሐጂን አማከርኳቸው። እሳቸውም ለካ ልጁን ያውቁታል፤ ከመስጊድ ሲመለሱ ሳንቲም ይሰጡታል። «መምህርት፣ እኔም እንደ አንቺ ሰጥቼ ነው የማልፈው» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። ወዲያው ባጃጅ የሚነዳውን ልጃቸውን ጠሩት። ልጁን በጋቢ ጠቅልለን ማዘር ትሬዛ ወሰድነው።

ደሞዝ የሌላቸው ሠራተኞች

«ማዘር ትሬዛ» ብለን የምንጠራው የካቶሊክ እኅቶች ቤት ነው። ነጭ ሳሪ ከሰማያዊ ጥለት ጋር የሚለብሱትን እኅቶች ጅማም አዲስ አበባም የኖረ ሰው ያውቃቸዋል። የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ማኅበሩን ማዘር ትሬዛ የመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1950 በሕንድ ካልካታ ከተማ ነው። ወደ አገራችን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1973፣ የወሎ ረሃብ አገሪቱን ባናወጠበት ጊዜ ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ወቅትም እሷ ራሷ አዲስ አበባ መጥታለች።

እኅቶቹ መነኮሳት እንደመሆናቸው የድህነት፣ የንጽሕናና የመታዘዝ ስእለት ይገባሉ። ከሌሎቹ የሚለያቸው አራተኛው ስእለት ነው፤ ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆነውን ሰው በሙሉ ልብ በነፃ ማገልገል። ደሞዝ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1979 ማዘር ትሬዛ የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል፣ ለክብሯ የሚዘጋጀው የራት ግብዣ እንዲቀርና ገንዘቡ ለድሆች እንዲውል ጠይቃለች። ያን ታሪክ ቀደም ሲል አውቀው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነው።

ልጁን የተቀበለችን እኅት ሃይማኖቱን አልጠየቀችውም። እኔ ኦርቶዶክስ፣ ሐጂ ሙስሊም፣ የታመመው ልጅ ፕሮቴስታንት፣ እሷ ካቶሊክ ነበርን። የጠየቀችው መቼ ምግብ እንደበላና ሳሉ ስንት ጊዜ እንደቆየ ነው። ከዚያ ገላውን የሚያጥብ ሰው ጠራች።

ምርመራው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አሳየ። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልናገር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይወስዳል። ታዲያ መድኃኒቱ ነፃ ከሆነ የጎዳናው ልጅ ለምን አይድንም? በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ኪስ እንኳ የለውም። በባዶ ሆድ ሲውጠው ያጥወለውለዋል። የሚያስታውሰው፣ ነገ እንዲቀጥል የሚገፋፋው ሰው የለም። ስለዚህ ያቋርጣል፤ ሲያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለማመዳል። የእኅቶቹ ቤት የሚሰጠው ትልቁ ነገር አልጋ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብና «ወሰድክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህን የሚሰጥ ክሊኒክ ጥቂት ነው።

ልጄ ተቆጣች

ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ተቆጣች።

«እማዬ፣ ሳል ያለበት ሰው አጠገብ ተቀምጠሽ ከዚያ ልጄን ታቅፊዋለሽ? ሕፃኑስ በየቀኑ ምግብ ሲያደርስለት አልነበር?»

እውነቷን ነው። ደግነት ጥንቃቄን አይተካም። በማግስቱ ሁለታችንም ልጁን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ደግነቱ ሁላችንም ደህና ነበርን። ልጁን ለጥየቃ ስወስደው ደግሞ ወደ ሕሙማኑ ክፍል አላስገባውም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ስወጣ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብሎ ምስር ሲለቅም አገኘሁት።

ልጄ የጠየቀችኝ ሌላም ነገር ነበር። «ስንቱን ትችያለሽ? ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል።» ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ብዙዎች ተጠይቀውታል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በድርቅ የተራቡ ሰዎች መንገድ ላይ ወድቀው አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፈሉ። በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያገኟትን ሕፃን አንስተው ወደ ቤታቸው ይዘው መጡ። ከዚያ ሌላ ልጅ፣ ከዚያም ሌላ ተጨመረ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ሲቃወሟቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኖሩ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ «እናቴ» የሚላቸው ብዙ ሕዝብ ነበር። በዘመናችን ደግሞ አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል።

እኔ ወይዘሮ አበበች አይደለሁም። ጡረተኛ ነኝ፤ ሴት ልጄም የልጇ ነገር ያሳስባታል። ስለዚህ «ስንቱን እችላለሁ?» ለሚለው መልሴ «በየተራ አንድ» የሚል ነው። ለዚያውም ብቻዬን አይደለም።

ሰባት ቤት፣ ሰባት ቀን

የሰፈራችን ሴቶች ቡና ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁት። ሁላችንም እንሰጣለን። እኛ ክርስቲያኖቹ ሰንበቴ አለን፣ ዝክር አለን፣ ጠበል ጠዲቅ አለን። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ሶደቃ አላቸው፤ ዓመት ከሞላው ቁጠባቸው ከመቶው ሁለት ብር ተኩል ዘካ ያወጣሉ። በረመዳን መጨረሻ ደግሞ ከኢድ ሶላት በፊት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርስ እህል ለድሃ ይሰጣል፤ ለተወለደው ሕፃን ሳይቀር። ድሃው በበዓል ቀን እንዳይለምን ነው ይላሉ የሐጂ ባለቤት።

ችግሩ በበዓሉና በዝክሩ ቀን ምግቡ ይትረፈረፋል፣ ከዚያ ለብዙ ቀን የለም። እድራችንም ጠንካራ ነው፣ ግን የሚረዳው አባሉን ነው። በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው የየትኛውም እድር አባል አይደለም። ሲሞት እንኳ የሚቀብረው ማዘጋጃ ቤት ነው።

ስለዚህ ሰባት ቤት ሆነን ሰባቱን የሳምንት ቀኖች ተከፋፈልን። ተረኛዋ ለቤተሰቧ ስታበስል ለሦስት ለአራት ሰው አብዝታ ትሠራለች። ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ ለእነሱ የሚወጣው ቤተሰቡ ከመብላቱ በፊት ነው። ቡሌ አይሰጥም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ ተራውን በሰዓት አስማማነው፤ ሙስሊሞቹ ከአፍጥር ላይ ይቀንሳሉ፣ እኛ የጾም ወጣችንን በቀን እናደርሳለን።

ሁሉም ነገር ሰመረ ብዬ አላጋንንም። አንዷ ጎረቤታችን ጤፉ ሲወደድባት አልቻልኩም ብላ ወጣች፤ አልተቀየምናትም። አንድ የሰጠነው ሰው ምግቡን ሽጦ ጠጥቶበታል። ሁለት ልጆች ተጣልተው ሳህን ሰብረዋል። ሰባቱ ቤት ስድስት ሆነ፣ እሑድ የእኔና የሐጂ ቤት የጋራ ተራ ሆነ፣ ሥራው ግን እስካሁን አልቆመም።

እናንተም ልትጀምሩ ብታስቡ፣ ከስህተታችን የተማርነውን ልንገራችሁ። ልጅን ብቻውን ምግብ ይዞ አትላኩት፤ አብራችሁት ሂዱ። ምግቡን ከማቀበል በፊት ሰላምታ ይቅደም፣ ስም ይጠየቅ። ልጃችሁ በሁለት እጁ ይስጥ፤ እናቶቻችን ለትልቅ ሰው እንዳስተማሩን። ሲበላ ፎቶ አታንሱት፤ እናቱ ልታየው ትችላለች። የሚስል ሰው ካለ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ፈልጉለት። እንዲህ ያሉ መርጃ ቤቶች ስትሄዱ ደግሞ ከልብስ በፊት ምን እንዳነሳቸው ጠይቁ። እኔ አሮጌ ልብስ ተሸክሜ ሄጄ የሚፈልጉት ሳሙናና የሚያጥብ እጅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስልኩ

ወደ ልጁ ልመለስ። ጥር ውስጥ ሊጠይቁት የገቡ ሰዎች የማያውቁት እስኪመስላቸው ድረስ ፊቱ ተመለሰ። አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ «የእናትህን ቁጥር ታውቀዋለህ?» አልኩት። እሷ ስልክ የላትም፤ የጎረቤቷን ቁጥር ግን በቃሉ ያውቀዋል። እጁ ስለተንቀጠቀጠ እኔ ነካካሁለት።

የተነጋገሩት በዳውሮ ቋንቋ ነው፤ አንድም ቃል አልገባኝም። መጀመሪያ ከወዲያ በኩል ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ሰው የሚሮጥ ድምፅ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ የሴት ለቅሶ። ልጁም ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ስልኩን ሲመልስልኝ «ምን አለችህ?» አልኩት።

«ቆርቆሮውን ማን ጠየቀህ አለችኝ።»

በየካቲት መጨረሻ ሐኪሞቹ ቀሪውን መድኃኒት በአገሩ ጤና ጣቢያ እንዲቀጥል ወረቀት ጻፉለት። ለመሳፈሪያው ሐጂና የእድራችን ዳኛ አዋጡ። ሊሄድ ሲል ሊሰናበተን ቤት መጣ። የልጅ ልጄ ማንም ሳያዘው ሮጦ የእናቴን በርጩማ ከጓዳ አወጣ። ልጁ ተቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ አብሮን ምሳ በላ። ቡቺ እግሩ ሥር ተኝቶ የእኛን ትራፊ ይጠብቅ ነበር።

በረንዳው ባዶ ሆኖ አልቆየም። መጋቢት ውስጥ አንዲት አሮጊት ሴት መጥተው አረፉበት። እኔ ገና አላየኋቸውም ነበር። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ «እማማ፣ ሱቁ ጋ አዲስ ሰው አለ፤ ስማቸውን ጠይቄያቸዋለሁ» አለኝ።

ወጡ ገና አልበሰለም ነበር። በርጩማውን አወጣንና ሄደን ጠራናቸው።